ፕራዶ፣ ሌክሰስ ወይስ ዲስከቨሪ? ከባሕር ዳር የተነሳ ጥያቄና የመጡት ምላሾች

መነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አራት ልጆቻችንና እናቴ አንድ ቤት ውስጥ ነን። ያለችን ትንሽ አውቶሞቢል ሁላችንንም አንድ ላይ መጫን ካቃታት ሰንብታለች፤ ለበዓል ወደ ባለቤቴ ወላጆች ወደ ቢቸና ስንሄድ ግማሻችን በመኪናዋ፣ ግማሻችን በሚኒባስ ነው። ስለዚህ ባለ ሰባት መቀመጫ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ የቤተሰብ መኪና እፈልጋለሁ።

አዲስ የሚባለው ነገር የማይታሰብ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜ በጠገበ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የቀረን አገር ውስጥ ያለውን እየተቀባበሉ መንዳት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለመኪናዎች የሚጠሩትን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ደላላ ሦስት መኪና አሳይቶኛል። አንደኛው እ.ኤ.አ. የ2011 ሞዴል ቶዮታ ላንድክሩዘር ፕራዶ፣ ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ። ሁለተኛው የ2006 ሌክሰስ ጂኤክስ 470፣ ባለ 4.7 ሊትር ቪ8 ቤንዚን። ሦስተኛው የ2008 ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 3፣ ባለ 2.7 ሊትር ናፍጣ። ከሦስቱ በጣም የሚያምረው ዲስከቨሪው ነው፤ በጣም የሚረክሰውም እሱ ነው፤ ይህ ነው ያሳሰበኝ። የቱን ልያዝ?

የውይይቱ ክር በጣም በመርዘሙና አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ በመደጋገማቸው፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አገላለጽ አጠናቅሬ ከዚህ በታች አኑሬዋለሁ። ስድብ የነበረበትን አለዝቤዋለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

ምላሽ 1

ከደብረ ማርቆስ የሚጽፉ መምህር ሰላምታቸውን አስረዝመው፣ ለቤተሰቤ ጤና ተመኝተው፣ ወደ ነገሩ ሲገቡ ግን ምንም አላመነቱም፤ ፕራዶውን እንድገዛ መከሩኝ። መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፣ መልሶ ለመሸጥም አያስቸግርም ይላሉ። የናፍጣው ዋጋ ከከበደኝ ያንኑ ፕራዶ ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር ብፈልግ በርካሽ እንደማገኘውና ለመካኒክም ቀላል እንደሆነ አክለዋል። ይህቺ የመጨረሻዋ ሐሳብ ጦስ ይዛ እንደምትመጣ አልጠረጠሩም።

ምላሽ 2

ከዳንግላ የምትጽፍ እህታችን ስለ ሞተር ትንፍሽ ሳትል የጻፈችው ስለ መቀመጫ ብቻ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አስቀድሜ እንድወስንና ለሙከራ ስሄድ እናቴን ይዤ እንድሄድ ነገረችኝ። እሷ ራሷ ለሠርግ በጂኤክስ 470 የኋለኛው ረድፍ ተሳፍራ ከዳንግላ ባሕር ዳር ድረስ ጉልበቷን ከአገጯ አጋጥማ እንደመጣች ጽፋለች። በዚያ መኪና የኋለኞቹ መቀመጫዎች ወደ ግራና ቀኝ ታጥፈው ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉ ናቸው፤ ሲዘረጉ ወለሉ ከፍ ስለሚል እግር የሚያርፍበት የለም። ፕራዶው ትንሽ ይሻላል። ጎልማሳ ሰው በሰላም የሚያስቀምጠው ዲስከቨሪው ነው፤ ጣሪያው ከኋላ ከፍ ብሎ የተሠራው ለዚሁ ነው።

የኋላ በሩንም አልረሳችም። የሁለቱ የጃፓን መኪናዎች የኋላ በር እንደ ቤት በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፤ ማጠፊያው በስተቀኝ ነው። እኛ አገር መኪና የሚቆመው በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ በመሆኑ፣ ከእግረኛው መንገድ ላይ ዕቃ የሚጭን ሰው በሩን ዞሮ አስፋልቱ ላይ መቆም አለበት። የጤፍ ጆንያ ተሸክሞ ይህን የሞከረ ሰው ምን ለማለት እንደፈለገች ይገባዋል። በዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ መኪናን እንደሚኖርበት ቤት ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ምላሽ 3

አነስተኛ ሱዙኪ ገዝቼ በቀረው ገንዘብ ቦታ እንድይዝ የመከረ ሰው ነበር። ሰባት ሰው የት እንደሚቀመጥ አልተናገረም።

ምላሽ 4

ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ በመድረኩ ሁሉም አያ እያለ ነው የሚጠራቸው። መኪና የሚፈተነው ጣና ዳር ባለው አስፋልት ላይ ሳይሆን ዓባይ በረሃ ላይ ነው ባይ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ የሕዳሴን ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በዚህ መንገድ ሲወርድ የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ማርሽ ዝቅ ሳያደርግ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚሄድ ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ የፍሬን ሸራው መሽተት ይጀምራል። የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ እርጥበት የሳበ ከሆነ ደግሞ ይፈላል፤ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ሁለት ቶን በሚያልፍ መኪና ላይ ሰባት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ የምገዛውን መኪና የፍሬን ዘይት ቀለም እንዳይ፣ ጠቁሮ ካገኘሁትም ሻጩ የቀረውን ነገር እንዴት እንደያዘው ከዚያ እንድገምት አሳሰቡኝ።

ለአቀበቱም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ወደ ደጀን ሲወጣ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ የሙቀት መለኪያዋን መጠበቅ ነው። መርፌዋ ከመሃል ተነሥታ ወደ ላይ ካዘገመች ራዲያተሩ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ታሟል። አንድ ዘመዳቸው አዲስ አበባ የገዛውን መኪና ወደ ጎጃም ሲያመጣ አቀበቱ መሃል እንፋሎት እየነፋ ቆመበት። ሻጩ የሚያፈሰውን ራዲያተር የራዲያተር መድፈኛ ዱቄት ሞልቶበት ኖሯል፤ በከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም አላሳየም። ደጀን ከወጡ በኋላም ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለውን ሞተር ወዲያው እንዳላጠፋው፣ ትንሽ በባዶ እንዲዞር እንድተወው ጨምረው ነግረውኛል።

ምላሽ 5

ባሕር ዳር ላይ ሜካኒካል ምሕንድስና የሚያስተምር ሰው የምላሽ 1ን የ2.7 ሊትር ቤንዚን ምክር በትሕትና ግን ሙሉ በሙሉ አፈረሰው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ያ ሞተር በወረቀት ላይ ያለው 160 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሩቡን እዚያው ጣለው ማለት ነው። የቀረውን ሁለት ቶን ብረትና ሰባት ሰው ይካፈሉታል። ተርቦ ያለው ናፍጣ ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው እምብዛም አይጎዳውም። የሌክሰሱ ቪ8ም ያንኑ ያህል ከመቶ ያጣል፤ ነገር ግን ከመነሻው ብዙ ስላለው አይታወቅበትም።

መምህሩ ወዲያው መልሰው፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ 2.7 የሚነዱ ጎረቤቶቻቸው ቅሬታ እንደሌላቸው ጻፉ። ጎረቤቶቻቸው ከከተማ ይወጡ እንደሆነ ተጠየቁ። መልስ አልሰጡም።

ምላሽ 6 እና 7

የፈረስ ጉልበት የሚለው ነገር ሲነሣ አንድ የእንጅባራ ሰው መኪናውን ሁሉ ትቼ ፈረስ እንድገዛ፣ ፈረስ ሊብሬም ቦሎም እንደማይጠይቅ ጻፈ። ሌላው ተከትሎ ስለ ጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ስለ ጥልፍ ኮርቻና ስለ ጉግስ ረጅም ነገር አወራ። ጽሑፉ መልካም ነበር፤ ሰዉም ወደደው። የፈረስ ዋጋም እንደ ፕራዶ መናሩን በዚያው አወቅን። ወደ መኪናው እንመለስ ብዬ መለስኳቸው።

ምላሽ 8

እውነተኛ የዲስከቨሪ 3 ባለቤት ብቅ አለ። መኪናውን ይወደዋል፤ ይህን ሳይደብቅ ነው የጀመረው። በረባዳ መንገድ ላይ እንደሱ የሚመች አላየሁም ይላል። ችግሩ ሲነጋ ነው። ማታ ቀጥ ብሎ ያደረ መኪና ጠዋት አንድ ጎኑን ወደ መሬት ጥሎ ያገኘዋል፤ ሳስፔንሽኑ በአየር ከረጢት የሚሠራ ስለሆነ አንዷ ከረጢት ብትተነፍስ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ሌት ተቀን ሲሠራ ይቃጠላል። ስህተቱን የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ፍለጋ አዲስ አበባ ወርዷል። ተርቦውን ለማግኘት መካኒኮቹ የመኪናውን ቦዲ ከሻንሲው ላይ አንሥተው ማስቀመጥ ይቀላቸው እንደነበርም ጽፏል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ በዚያ ሞዴል ላይ የታወቀ አሠራር ነው። እንግዲህ መኪናውን ጎጃም ውስጥ የሚነዳ ሰው የት አውርዶ የት ሊሰቅለው ነው?

ልሽጠው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ፣ እንዳልገዛ መክሮኝ ወጣ። የራሱን ግን አልሸጠም።

ምላሽ 9

አንዱ ተናዶ፣ አያቱ በላንድሮቨር ሞጣንና አዴትን በጭቃ እንደዞሩበት፣ ሲበላሽም በሽቦና በሳሙና እንደሚጠግኑት ጽፎ የዛሬ ልጆችን ሰነፎች አደረገን። ምላሽ 4 ላይ ያሉት አያ በአንድ መስመር አረሙት፤ ያ መኪናና ይህ መኪና የሚጋሩት ስም ብቻ ነው።

ምላሽ 10

ክሩን ዋጋ የሰጠው ይህ ነው። የጻፈው እዚሁ ባሕር ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ፕራዶውን ከገዛሁ ምን ምን ማየት እንዳለብኝ በዝርዝር አስቀመጠ።

ለሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣ እንድነግረው፣ ስደርስም ከሰላምታው ቀጥሎ መዳፌን ኮፈኑ ላይ እንዳሳርፍ ነገረኝ። ብረቱ ለብ ካለ ሌላ ቀን ጠዋት መመለስ ነው። ናፍጣ ሞተር ምሥጢሩን የሚያወጣው በብርድ ሲነሣ ብቻ ነውና። ሲነሣ ነጭ ጭስ አፍኖ ቶሎ የማይጠራ ከሆነ፣ ወይም ጠጠር እንደተሞላ ጣሳ ከተንኳኳ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኖዝሎች ላይ ጥርጣሬ አለ።

የ1ኬዲ፣ ማለትም የፕራዶው ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ታሪክ ከኖዝሎቹ ሥር ይጀምራል። አራቱም የተቀመጡት በመዳብ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ሲያልፍበት የቃጠሎው ጋዝ እየሾለከ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይወፍራል፤ ጥላሸቱ እየጠጠረ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ቋት ይወርዳል። እዚያ ዘይት የሚመጠጥበት ቱቦ አፍ ላይ ያለችው የሽቦ ወንፊት ቀስ በቀስ ትደፈናለች። ያኔ መጀመሪያ ዘይት የሚያጣው ተርቦው ነው፤ ቀጥሎ የክራንክሻፍቱ ኩሽኔቶች። የዘይት መብራት ሲበራ ነገሩ አልቋል። ዘይት በጊዜው እየቀየረ የነዳ ሰው ይህን ላያይ ይችላል፤ ግን ሻጩ ቀይሬያለሁ ስላለ አይታመንም። የዘይት ቋቱ ብሎን ተፈትቶ ወንፊቷ በዓይን ትታይ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም።

በተጨማሪ የሞተሩ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት የሚያዝ የጎማ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ደረሰኝ እንድጠይቅ አለ። ይህ ሞተር ሰንሰለት የለውም፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት አለችው፤ ነገር ግን ሳይቀየርም ማጥፋት ይቻላል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ባለ 2.8 ሊትር 1ጂዲ ሞተር ግን ባለ ሰንሰለት ነው፤ ዋጋው ከተቻለ እሱን ይመርጣል።

የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አይቶ ማመን የለም። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የሾፌሩን መቀመጫ የግራ ጠርዝና የመሪውን ቆዳ እንድዳስስ ነገረኝ፤ እነዚህ የሚሉትን ቁጥሩ ከካደ ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። በጭቃ መከላከያዎቹና በበሮቹ ላይ ማግኔት ማስጠጋትም አለብኝ፤ የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው።

ምላሽ 11

አንድ ሰው መካኒኩን ሥራ ፍለጋ ሕዝብ የሚያስፈራራ አደረገው። እሱ 1ኬዲ ሞተር ያለውን መኪና ዓመታት ነድቶ ዘይት ቋት የሚባል ነገር ከፍቶ እንደማያውቅ፣ የሚከፍት መካኒክም የጤነኛን ሆድ ቀዶ በሽታ የሚፈልግ እንደሆነ ጻፈ። ቃላቱ ከዚህ ይጠነክሩ ነበር።

ምላሽ 12

መካኒኩ አልተቆጣም፤ ይህ ነው የገረመኝ። የፈለገ ሰው መኪናውን ያምጣ፣ ባለቤቱ እያየ ይከፈታል፣ ወንፊቷ ንጹሕ ከሆነች የእጅ ዋጋ አይከፍልም ብሎ ዘጋው። ምላሽ 11ን የጻፈው ሰው ወደ ጋራዡ መሄዱን አልሰማሁም።

ምላሽ 13 እና 14

አሜሪካ የሚኖር ወገናችን የሻንሲ ቁጥሩን አሥረኛ ፊደል አይተን የስንት ዓመት ሞዴል እንደሆነ ልናውቅ እንደምንችል አስተማረን። ጠቃሚ ነገር ነበር፤ ብዙ ሰውም አመሰገነው። ምላሽ 14 ግን ነገሩ በከፊል ብቻ እንደሚሠራ አስረዳ። አሥረኛው ፊደል ዓመት እንዲናገር ግዴታ የሆነው ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪናዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ በመጣ ሌክሰስ ላይ ይረዳል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል በገባ ፕራዶ ላይ ግን ሊያሳስት ይችላል። እሱ የሚያየው የደህንነት ቀበቶው ሥር የተሰፋችውን መለያና የመስታወቶቹን ማኅተም ነው፤ አንዱ መስታወት ከሌሎቹ ከተለየ ለምን እንደተቀየረ ይጠየቃል። ጎማው ላይ ያሉት አራት አኃዞችም ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ መኪናው አገር የገባበትን ዓመት የተሠራበት አስመስለው እንደሚጠሩም አስጠነቀቀ።

ምላሽ 15

ደላላ ነኝ ብሎ ራሱን ያስተዋወቀ ሰው ገብቶ፣ ስም ለማዛወር ገንዘብና ጊዜ ከማባከን በውክልና ገዝቶ መንዳት የተለመደ መሆኑን፣ እሱም በዚህ መንገድ ብዙ መኪና ማገበያየቱን ጻፈ። ለሻጩም ለገዢውም ይቀላል ባይ ነው። ለእሱም መቅለሉን አልጻፈም።

ምላሽ 16

አንዲት ጠበቃ መለሰችለት፤ ከዚህ በኋላ የክሩ ጠባይ ተለወጠ። ውክልና ሽያጭ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ ወካዩ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሟቹ ነው። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማም ያስፈልጋል።

ከሽያጩ በፊት የመኪናው ፋይል ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ባንክ ይዞት ሊሆን ይችላልና። ለዲፕሎማት ወይም ለእርዳታ ድርጅት ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አንዳንዴ ይኸው ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ብረቱ ላይ ያለው ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ይህን ምክር ያነበብኩት በጥድፊያ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ገልብጬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ምላሽ 17 እና 18

ደላላው ተቆጣ። ጠበቆች እንጀራቸው ክርክር ስለሆነ ክርክር የሌለበት ነገር እንደማያስደስታቸው፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ መካከል ከሚሄደው መኪና ስንቱ በውክልና እንደሚነዳ ብትቆጥር እንደምትደነግጥ ጻፈ። እሷም በውክልና የሚነዳው ሲበዛ የእሷም ደንበኛ እንደሚበዛ መለሰች። ከዚያ በኋላ የተጻፉትን የመድረኩ ኃላፊ አነሣቸው። ነገሩን ያበረዱት አያ ናቸው፤ ሁለቱም ልጆቻቸው እንደሆኑ፣ ግን በሰው ስም መኪና መንዳት በሰው ፈረስ ወንዝ ከመሻገር እንደማይሻል ተናገሩ። እንግዲህ ፈረሱ እንደገና መጣ፤ የእንጅባራው ሰው በደስታ ሊመለስ ሲል አቆምነው።

ምላሽ 19 እና 20

አንድ ወጣት ናፍጣና ቤንዚን የሚባል ጣጣ ትቼ ከቻይና የሚመጣውን ባለ ሰባት መቀመጫ ቮልስዋገን አይዲ 6 ኤሌክትሪክ እንድገዛ መከረ። ቁልቁለት ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ማስገባቱም አልተከለከለም። ምክሩ ቀላል አልነበረም። ምላሽ 20 ግን የወረደው መልሶ መውጣቱን፣ ዓባይ በረሃን ሲወጣ የሚበላው ሲወርድ ከሞላው እንደሚበልጥ አስታወሰው። መኪናው ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ በመሆኑም የስክሪኑ ቋንቋና መለዋወጫው የራሱ ጣጣ አለው። ለከተማ እሺ፣ ለቢቸናና ለአዲስ አበባ መንገድ ግን መብራት የሚሞላበት ቦታ በየመንገዱ እስኪበዛ እንድጠብቅ መከረ። በዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 21

ስለ ሌክሰሱ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ጂኤክስ 470 ያለው ነጋዴ ነው። ሞተሩ የማይሞት ነው፤ ዘይትና ቺንጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ግን በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ይጠጣል። ታንከሩ 87 ሊትር ነው፤ የፕራዶውም እንዲሁ። በዚህ ሒሳብ ሌክሰሱ ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ ሙሉ ታንከሩን ይጨርሳል፤ ፕራዶው ግን ደርሶ የመመለሻውንም ይጀምራል። ቤንዚን በማደያ ሲጠፋና በጀሪካን ሲሸጥ ልዩነቱ ምን እንደሚያክል ለእኛ ማስረዳት አላስፈለገውም። ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ስላለመኖሩም ዋስ የለም።

ምላሽ 22

ይህ የእኔ ነው። ብዙዎች ውጤቱን ስለጠየቁኝ ነው የምጽፈው።

ሌክሰሱን እናቴ ናቸው የጣሉት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሊወጡ አንድ እግራቸውን አነሡ፣ አዩት፣ መልሰው አወረዱት። የሚሸጠው ዲስከቨሪ ባለቤት የቀረጥ ወረቀቱን እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ስልኩን ማንሣት ተወ።

ፕራዶውን መካኒኩን ይዤ በማለዳ ሄጄ አየሁት። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ፤ ጭስ የለም፣ መንኳኳት የለም። ሻጩ ወደ ጋራዡ ወስደን የዘይት ቋቱን እንድንከፍት ያለ ክርክር ፈቀደ፤ ይህም ደስ አለኝ። ወንፊቷ ስትወጣ ከሱቅ የመጣች ትመስል ነበር፤ አንድ ፍሬ ጥላሸት የለባትም። እኔ ፈገግ ስል መካኒኩ ዝም አለ። የመቀመጫው ጠርዝ አልቆ ስፖንጁ ሊታይ ደርሷል፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ልሙጥ ሆኗል። ያን ያህል የሠራ ሞተር እንዲህ ንጹሕ ሊሆን እንደማይችል ነገረኝና ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለ። ሞተሩን የያዙት ብሎኖች ጭንቅላት ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። የሞተሩን ቁጥር በናፍጣ በነከረው ጨርቅ ወለወለው፤ እኔም ሊብሬውን ገልጬ አነበብኩለት። የመጨረሻዎቹ አኃዞች አይገናኙም።

ሞተሩ ተቀይሯል። መቀየሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ መካኒኩ እንደውም የተተካው ሞተር ጥሩ ነው ባይ ነው። ግን ያልተመዘገበ ሞተር የያዘ መኪና ለስም ዝውውር ሲቀርብ እዚያው ይቆማል፤ የምላሽ 16 ጠበቃም ስጠይቃት ይህንኑ አረጋገጠችልኝ። ሻጩ መኪናውን ራሱ እንዲሁ እንደገዛው ነው የሚናገረው። ላምነው እችላለሁ፤ ሊብሬውን ግን የሚያስተካክለው የእኔ እምነት አይደለም። ሞተሩ የተገዛበትንና ቀረጥ የተከፈለበትን ሰነድ ከቀድሞው ባለቤት አግኝቶ በራሱ ወጪ እንዲያስመዘግብ ተስማምተናል። ቀብድ አልከፈልኩም፤ ውልም አልተፈራረምንም።

ለሚከተሉ ሰዎች፦ መካኒኩ የዘይት ቋት ሊያስከፍት የሚመጣ ሰው አዲስ ዘይት፣ ፊልትሮና የቋቱን መገጣጠሚያ የሚያሽግ ሲሊኮን ይዞ እንዲመጣ አደራ ብሏል፤ እኔ ጋ ሲሊኮን ፍለጋ ከሰዓቱ ግማሹ አልፏል። ወንፊቷ ንጹሕ ሆና ስለተገኘችም በቃሉ መሠረት የእጅ ዋጋ አልተቀበለኝም።